የሠሩት መልክ የእርስዎ ሆኖ እንዲቆይ፦ ንድፍን በሕግ የማስጠበቅ ዝርዝር መመሪያ

የስፌት መብራቴን በማላውቀው ሱቅ መስኮት ውስጥ ተሰቅሎ ያየሁት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የኔ ሥራ መሆኑን ለመለየት ጊዜ አልፈጀብኝም። የተገለበጠ መሶብ የሚመስለው ቆቡ፣ በስፌቱ ዙሮች መካከል ብርሃን የሚያሾልኩት ሦስት ክፍት ቀለበቶች፣ ቀለበቶቹ ከላይ ወደ ታች እየሰፉ የሚሄዱበት ልክ፣ ሁሉም አለ። በመጀመሪያው ናሙና ላይ ሳላስበው ጠመም ያደረግሁት የጫፉ ቅንባት እንኳ ሳይቀር ተቀድቷል።

ወደ ሕግ ባለሙያ ስሄድ «ማን ቀዳብዎት?» ብሎ አልጠየቀኝም። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ለሕዝብ ያሳዩት መቼ ነው?» ብሎ ነው። ፎቶግራፉን በፌስቡክ ገጼ ላይ ከለጠፍሁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልፎ ነበር። ንድፉን ለማስመዝገብ ማመልከቻ አላስገባሁም። ባለሙያው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዝም አለ፤ እኔም ነገሩ ገባኝ።

ይህን የምጽፈው ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ የቤት ዕቃ አምራቹ፣ ጌጣጌጥ ሠሪው፣ የልብስ ንድፍ አውጪዋና የማሸጊያ ሠሪው ያን ዝምታ እንዳይሰሙት ነው። ሥራው የሚጀምረው ከቢሮ ደጃፍ ሳይሆን ከራስዎ ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ መመሪያውም ከዚያ ይነሣል።

«ኢንዱስትሪያዊ» የሚለው ቃል አያስፈራዎት

በአገራችን ይህን ጉዳይ የሚገዛው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ስሙን የሰሙ ብዙ የዕደ ጥበብ ሰዎች «ይህማ የፋብሪካ ሕግ ነው» ብለው ይተዉታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። አዋጁ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የሚለው የመስመር ወይም የቀለም ቅንብርን፣ ወይም ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያለውን ቅርጽ ነው፤ ቅንብሩ ወይም ቅርጹ ለኢንዱስትሪ ወይም ለዕደ ጥበብ ውጤት ልዩ መልክ የሚሰጥና ለምርቱ ሞዴል ሆኖ የሚያገለግል ከሆነ። ዕደ ጥበብ በስሙ ተጠርቷል። አንዲት ሴት በደጇ ተቀምጣ በወስፌ የምትሰፋውም ከወፍጮ ቤት መሣሪያ እኩል በሕጉ ፊት ቦታ አላት።

ሁለት መመዘኛ አለ። ንድፉ አዲስ መሆን አለበት፤ በተደጋጋሚ ለማምረትም ሞዴል ሊሆን የሚችል መሆን አለበት። ከሕዝብ ሰላምና ከመልካም ጠባይ ጋር የሚጋጭ አይመዘገብም። አንድን ቴክኒካዊ ውጤት ለማስገኘት ብቻ የተሰጠ ቅርጽም እንዲሁ። የጅማን በርጩማ ያስቡ። ሦስት እግር ያለው ወንበር ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ አይወዛወዝም፤ አራት እግር ያለው ግን ይወዛወዛል። ይህ የጥቅም ጉዳይ ስለሆነ «ሦስት እግር» የሚለውን ማንም በንድፍ መብት የራሱ ማድረግ አይችልም። የእግሮቹ አጣጣል፣ የመቀመጫው ጉድጓድ መስመር፣ ቅርጻ ቅርጹ ግን የመልክ ነገር ነው።

ደረጃ 1፦ ውርሱንና የራስዎን ይለዩ

ከሁሉ የሚከብደውና ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ደረጃ ስለሆነ ሳይቸኩሉ ይሥሩት። ወረቀት ወስደው መሐሉን በመስመር ይክፈሉ። በግራ በኩል ከእርስዎ በፊት የነበረውን ሁሉ ይጻፉ፤ በቀኝ በኩል እርስዎ የጨመሩትን።

የኔ መብራት ግራው ረጅም ነበር። ዙሩን በዙር ላይ እየደረቡ መስፋት የኔ አይደለም። ስንደዶውና አክርማው፣ በቀለም የተነከረው አለላ፣ የመሶቡ ወገብ፣ የቆቡ ሾጣጣነት፣ እነዚህ የእናቶቻችን ናቸው። አምፖሉን የሚይዘው ክፍል ከገበያ የተገዛ ነው። በቀኝ በኩል የቀረልኝ የቀለበቶቹ አከፋፈት፣ እርስ በርስ ያላቸው ልክና ቆቡ ከጫፉ ወደ ውስጥ የሚታጠፍበት መንገድ ነበር። በመጀመሪያ ሳየው አነሰብኝ። ቆይቶ ግን የገባኝ፣ ቀኙ ባጠረ ቁጥር የሚጠይቁት መብት ጥርት እያለና ለመከላከል እየቀለለ እንደሚሄድ ነው። «የመሶብ ቅርጽ ያለው መብራት» ብሎ ሁሉን ለመጠቅለል የሚሞክር ሰው በመጀመሪያው ተቃውሞ ይወድቃል፤ ተቃዋሚው አንድ ያረጀ መሶብ ይዞ መምጣት ብቻ ይበቃዋል።

ይህ የሕግ ብቻ ሳይሆን የሕሊናም ነገር ነው። የላሊበላን መስቀል፣ የሐረርን የግድግዳ ስፌት፣ የዶርዜን ሽመና ማንም ግለሰብ በስሙ ማስመዝገብ የለበትም። የወል ሀብት ነው፤ እርስዎም እኔም የምንቀዳው ከዚያ ምንጭ ነው፤ ምንጩን አጥሮ ቁልፉን ኪስ መክተት ነውር ነው። ዓለም አቀፉ ሕግም ወደዚህ እየመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በሪያድ የጸደቀው የንድፍ ሕግ ስምምነት፣ አገሮች ከፈለጉ አመልካቹ ንድፉ ላይ የተጠቀመበትን ባህላዊ ዕውቀትና ጥበብ መነሻ እንዲገልጽ መጠየቅ እንዲችሉ በር ከፍቷል።

በዚሁ ወረቀት ላይ ሦስተኛ ጥያቄ ይጨምሩ፦ በቀኝ በኩል ከተጻፈው ውስጥ የሌላ ሰው እጅ ያለበት የትኛው ነው? እኔ ይህን የጠየቅሁት ዘግይቼ፣ ሁለተኛውን መብራት ስንሠራ ነው። በሁለተኛው ቀለበት ሥር የምትዞር አንዲት ጠባብ ጥቁር መስመር አለች፤ ብርሃኑ ሲበራ ቀለበቱን የምታጎላው እርሷ ናት። ሰፊዋን «እትዬ፣ ይህችን መስመር እኔ ነኝ ያልሁዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አላልከኝም፤ እኔ ነኝ ያስገባኋት» አሉኝ። «ያለ እርሷ ዓይን አይይዝም ነበር።»

እንግዲያው እርሳቸው የንድፉ ባልደረባ እንጂ ቀን ሠራተኛ አይደሉም። እንደ እርሳቸው ያለ ሰው በሥራዎ ውስጥ ካለ በማመልከቻው ላይ ስሙ መግባት አለበት፤ ከሚገኘው ገቢም ድርሻው አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን። ይህን የዘለለ ሰው ፍርድ ቤት ባይከሰው እንኳ የሠራው ሥራ ሙሉ የእርሱ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ የትኛው መብት ለየትኛው ክፍል እንደሆነ ይወቁ

አንድ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ መብት ይሸከማል። መልኩ ወደ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ይሄዳል። ቆቡ የሚታጠፍበት አዲስ ማጠፊያ ከሠሩለት፣ አሠራሩ የፓተንት (ለአዲስ ፈጠራ የሚሰጥ መብት) ወይም የአነስተኛ ፈጠራ ጉዳይ ነው እንጂ የንድፍ አይደለም። የሚሸጡበት ስምና ምልክት በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሥር ይወድቃል፤ ጥበቃው 7 ዓመት ሆኖ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ሥዕሎችዎ፣ ፎቶግራፎችዎና የሥነ ሕንፃ ሥራዎች በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃሉ፤ ይህ መብት ሥራው በወረቀት ወይም በሌላ ነገር ላይ ሰፍሮ ሲገኝ ያለ ምዝገባ የሚወለድ ሲሆን በመርህ ደረጃ የደራሲውን ዕድሜና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል፤ ፎቶግራፍ ግን አጭር ዘመን ነው ያለው። የቀለም መንከሪያ ምስጢርዎን ደግሞ ለማንም ሳይናገሩ በመያዝ ይጠብቁታል፤ ማመልከቻ ላይ ጽፈው እንዳያወጡት።

ክፍፍሉ ለምን እንደሚጠቅም የኮካ ኮላ ጠርሙስ ታሪክ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1915 ኩባንያው በጨለማ ሲዳስሱት የሚታወቅ፣ ተሰብሮ ወድቆ እንኳ የሚለይ ጠርሙስ ፈለገ። በኢንዲያና ግዛት ቴሬ ሆት ከተማ የሚገኝ የሩት መስታወት ፋብሪካ ሠራተኞች መጽሐፍ ሲያገላብጡ የካካዎ ፍሬ ሥዕል አገኙ፤ የፍሬው እብጠትና ቁልቁል የወረዱ ሸንተረሮች ወደ ጠርሙሱ ገቡ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የንድፍ ፓተንት ተሰጠው፤ በአሜሪካ የንድፍ መብት የሚጠራው በዚህ ስም ነው። የንድፍ መብት ግን ዕድሜው የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡ ቅርጹን ከኩባንያው ጋር አያይዞ ማወቅ ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ጠርሙሱ ራሱ በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆኖ ተመዘገበ። የመጀመሪያው መብት ሁለተኛው እስኪደርስ ድረስ ጊዜ ገዛለት። እርስዎም ንድፉን ሲያስመዘግቡ ስሙን አብረው ያስመዝግቡ፤ የንድፉ ጥበቃ ቢበዛ በ15 ዓመት ሲያበቃ የሚቀርልዎት ስሙ ነው።

ደረጃ 3፦ ማስረጃና ውል

ደብተር ይያዙ። ገጾቹ የተሰፉ፣ የማይበታተኑ ቢሆኑ ይመረጣል። እያንዳንዱን ንድፍ ቀን ጽፈው ይፈርሙበት፤ የከሸፉትን ናሙናዎች ጭምር ፎቶግራፍ ያንሷቸው፤ የከሸፈ ናሙና ሥራው ከእርስዎ እጅ እንደ ወጣ ከተሳካው የበለጠ ይመሰክራል፤ ምክንያቱም የሚቀዳ ሰው የከሸፈ ናሙና የለውም። የዲጂታል ፋይሎችን የመጀመሪያ ቅጂ አያጥፉ።

ውልን በተመለከተ፣ በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የቀጣሪው እንደሚሆን ሕጉ ይነሣል። ተቀጥረው የሚሠሩ ንድፍ አውጪ ከሆኑ ይህን ሳያነብቡ አይፈርሙ። በራስዎ ጊዜና በራስዎ ዕቃ የሠሩትን ለይተው ያስቀምጡ። በሌላ በኩል አሠሪ ከሆኑና በእንግድነት ላመጡት ነዳፊ ገንዘብ ከፍለው በቃል ብቻ ከተለያዩ፣ ጭቅጭቁን አስቀድመው ገዝተዋል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ማን ምን ሠራ፣ መብቱ የማን ነው፣ ስሙ የት ይጠቀሳል፣ ስንት ይከፈለዋል።

ደረጃ 4፦ ከማመልከቻው በፊት አያሳዩ

እኔ የወደቅሁበት ይህ ነው፤ ብቻዬን ግን አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ድምፃዊቷ ሪሃና የፑማ የፈጠራ ዳይሬክተር መሆኗ ሲነገር፣ ወፍራም ጥቁር ሶል ያለው ነጭ ጫማ አድርጋ የተነሣቻቸው ፎቶግራፎች በኢንስታግራም ወጡ። ፑማ የዚያን ጫማ ንድፍ በአውሮፓ ኅብረት ለማስመዝገብ ያመለከተው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ነው። ምዝገባውን አገኘ። ከዓመታት በኋላ አንድ የደች ድርጅት «ይህ ንድፍ ከማመልከቻው በፊት ሕዝብ አይቶታል» ብሎ ተቃወመ፤ ማስረጃው እነዚያው ፎቶግራፎች ነበሩ። የአውሮፓ ኅብረት ጠቅላላ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 2024 የምዝገባውን መሠረዝ አጸና። በአውሮፓ ኅብረት ንድፍ አውጪው ራሱ ካሳየ በኋላ ለማመልከት 12 ወር ይሰጠዋል፤ ፑማ ከዚያ አልፎ ነበር።

የእኛ አዋጅም ከማመልከቻው ቀን በፊት ከአንድ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ በአገር ውስጥ ወይም በውጭ ለሕዝብ የተገለጸን ንድፍ እንደ አዲስ አይቆጥረውም። አንድ ዓመት ረጅም ይመስላል። ነገር ግን በሱቅ ሥራ፣ በዐውደ ርዕይ ዝግጅትና በበዓል ሰሞን ትእዛዝ መካከል ሳይታወቅ ይነጉዳል። በዚያ ላይ ፎቶግራፍዎን ያየ ሌላ ሰው ቀድሞ ሊያመለክት ይችላል፤ ያን ጊዜ የራስዎ መሆኑን የማስረዳት ጣጣ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የምመክረው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ያመልክቱ፣ ከዚያ ያሳዩ።

ማሳየት ግድ ከሆነብዎ፣ ለምሳሌ ለብየዳ ባለሙያ፣ ለፋብሪካ ወይም ገንዘብ ለሚያፈስ ሰው፣ በአንድ ገጽ የምስጢር ስምምነት አስፈርመው ያሳዩ። በቴሌግራም የሚላክ ፎቶግራፍ ለሁሉም ሰው እንደ ተላከ ይቁጠሩት፤ ወደ ማን እንደሚተላለፍ መቆጣጠር አይችሉም። ደንበኛ «ለመምረጥ እንዲመቸኝ» ቢል ወደ ሥራ ቦታዎ ይጋብዙት። ቡና ያፍሉለት፤ ስልኩ ግን ኪሱ ውስጥ ይቆይ።

ደረጃ 5፦ ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው እንዳልሠራው ይፈልጉ

የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ማንም በነፃ የሚፈልግበት ዓለም አቀፍ የንድፍ መረጃ ቋት አለው። የአውሮፓ ኅብረት መሥሪያ ቤት የሚያስተባብረው ዲዛይንቪው የተባለ ሌላ ቋት አለ። ፍለጋው በቃል ብቻ ከሆነ ይጠፋሉ፤ የሎካርኖ ምደባ የሚባለውን ይጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ1968 በስዊዘርላንድ ሎካርኖ ከተማ የተፈረመ ስምምነት የፈጠረው ሲሆን የዓለምን ዕቃዎች በ32 ክፍሎች ያደራጃል። አልባሳት በክፍል 2፣ የጨርቃ ጨርቅ ጣቃ በ5፣ የቤት ዕቃ በ6፣ ማሸጊያ በ9፣ ጌጣጌጥ በ11፣ የመብራት ነገር በ26 ይገኛል። የፊደል ቅርጽ ራሱ በክፍል 18 ውስጥ ቦታ ተሰጥቶታል፤ የግዕዝ ፊደል ለኮምፒውተር የሚነድፉ ወጣቶች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

በቋቱ ላይ ፍለጋ ከጨረሱ በኋላ በእግርዎ ይሂዱ። ሽሮ ሜዳን፣ መርካቶን፣ የቤተ መዘክር መስኮቶችን ይመልከቱ። በእኛ አገር ብዙ ንድፍ በየትኛውም ቋት ውስጥ የለም፤ በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ነው ያለው። የሚመስል ካገኙ አይደብቁት። ወደ ደረጃ 1 ወረቀት ተመልሰው ወደ ግራ በኩል ያሻግሩትና የቀረልዎትን እንደገና ይመዝኑ።

ደረጃ 6፦ ሥዕሎቹ

ከማመልከቻው ሁሉ ዋናው ሥዕሉ ነው። ቃላት ይረዳሉ፤ ፍርድ ቤት የሚያየው ግን ሥዕሉን ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ከእንግሊዝ አገር የመጣ ትምህርት አለ። ትራንኪ የሚባለው፣ ልጆች እንደ ፈረስ የሚቀመጡበትና የሚጎተቱበት የጉዞ ሻንጣ፣ ንድፉ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲመዘገብ የቀረቡት ሥዕሎች በኮምፒውተር የተሠሩ፣ ጥላና ብርሃን ያላቸው፣ ጎማውና ማሰሪያው ከአካሉ በጠቆረ ቀለም የሚለዩባቸው ነበሩ። በኋላ ሌላ ድርጅት ተመሳሳይ የሚቀመጡበት ሻንጣ ነብርና ነፍሳት አስመስሎ ሲያወጣ ክርክር ተነሣ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ለቀዳሚው አልፈረደለትም። ሥዕሎቹ የያዙት ቅርጹን ብቻ ሳይሆን የቀለሙን ልዩነትና የአካሉን ጌጥ አልባነትም ጭምር ነው ተባለ። ዳኞቹ ሐሳቡ ብልህ መሆኑን አልካዱም፤ የንድፍ ሕግ የሚጠብቀው ግን ሐሳብን ሳይሆን ንድፍን ነው አሉ።

ከዚህ የምንወስደው ተግባራዊ ነገር አለ። መብት የሚፈልጉት በቅርጹ ላይ ከሆነ በንጹሕ መስመር የተሣለ፣ ቀለምም ጥላም የሌለው ሥዕል ያቅርቡ። መብት የሚፈልጉት በቀለም ቅንብሩ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ በጥለት ላይ፣ በቀለም ያቅርቡት። ሁለቱም ዋጋ ካላቸው እንደ ሁለት ንድፍ አድርገው ያስቡ። የኔ መብራት ቀለበቶች በቅርጽ ይታያሉ፤ የእትዬ ጥቁር መስመር ግን ያለ ቀለም አትታይም፤ ስለዚህ ሁለተኛውን መብራት በሁለት መንገድ ነው ያሣልነው።

ዕቃውን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከላይ፣ ከታችና ከማዕዘን ያሳዩ። መጠኑ በሁሉም ላይ አንድ ይሁን። በፎቶግራፍ የሚያቀርቡ ከሆነ ከኋላው ነጭ ጨርቅ ይዘርጉ፤ ረከቦት፣ ቄጤማና የሰው እጅ አብረው አይግቡ። ለማስታወቂያ የሚያምረው ፎቶግራፍ ለምዝገባ አይሆንም። የአንዱ ሥዕል ዝርዝር በሌላው ላይ ከጎደለ የትኛው ነው ንድፍዎ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ከማስገባትዎ በፊት ሥዕሎቹን ሥራውን አይቶ ለማያውቅ ሰው ይስጡና «ይህን ዕቃ በጭቃ ሥራልኝ» ይበሉት። የሠራው ነገር ከእርስዎ ዕቃ ከተለየ ሥዕልዎ ገና ነው።

ደረጃ 7፦ ማመልከቻ

የሚቀርበው አዲስ አበባ ለሚገኘው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የማመልከቻ ቅጹን ይሞላሉ፤ ንድፉን የያዘውን ናሙና ወይም ሥዕላዊ መግለጫውን ያያይዛሉ፤ ንድፉ የሚያገለግልበትን የምርት ዓይነት ይጠቅሳሉ፤ የተወሰነውን ክፍያ ከፍለው ደረሰኙን ይይዛሉ። የምርት ዓይነቱን ሲጽፉ ከመጠን በላይ አያጥብቡት፤ «የስፌት መብራት» ከማለት «የመብራት ቆብ» ማለት ይሻላል፤ ነገ በብረት ወይም በቀርከሃ የሚቀዳዎት ሰው ይኖራልና።

የገባበት ቀን የተጻፈበትን ማረጋገጫ ሳይቀበሉ ከመስኮቱ አይነሡ። ከዚያ በኋላ ለሚነሣ ክርክር ሁሉ መነሻው ያ ቀን ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚሟላ ነገር አለ ብሎ ቢጽፍልዎት በተሰጠዎት ጊዜ ውስጥ ይመልሱ። ከክልል የሚመጡ ሰዎች ሥዕሎቹን በወረቀትም በፋይልም ይዘው ቢመጡ ሁለተኛ መንገድ ይተርፋቸዋል።

ደረጃ 8፦ ከምዝገባ በኋላ

ጥበቃው ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 5 ዓመት ነው። ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል፤ በድምሩ 15 ዓመት። ማራዘሚያው ግን ንድፉ በኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉን ማስረዳት ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ዘመኑ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ይቀርባል። ይህን ድንጋጌ እወደዋለሁ፤ የምስክር ወረቀት በመሳቢያ ቆልፎ ሌላው እንዳይሠራ ብቻ የሚከለክል ሰው እንዲበዛ አይፈልግም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን የሽያጭ ደረሰኝ፣ የዐውደ ርዕይ ግብዣና የትእዛዝ ደብዳቤ በአንድ አቃፊ ያጠራቅሙ።

ለሌላ አምራች ፈቃድ ሲሰጡ በውሉ ላይ ስንት ፍሬ፣ በየት ገበያ፣ እስከ መቼ፣ በምን ጥራትና ሒሳቡ በየስንት ወሩ እንደሚቀርብ ይጻፍ። ጥራትን አይዝለሉ። በስምዎ የሚወጣ የሚፈታ ስፌት ከቀጂው የበለጠ ይጎዳዎታል።

ደረጃ 9፦ ከአገር ውጭ የሚሸጡ ከሆነ

የአዲስ አበባው ምዝገባ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ላይ አይሠራም፤ መብቱ በተመዘገበበት አገር ወሰን ያበቃል። በአሜሪካ የንድፍ ፓተንት የሚባል ሲሆን ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ይቆያል፤ ከመሰጠቱ በፊትም መርማሪ ያየዋል። በአውሮፓ ኅብረት መሥሪያ ቤቱ አዲስነቱን ሳይመረምር ይመዘግባል፤ በየ5 ዓመቱ እየታደሰ እስከ 25 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ የአውሮፓ ምዝገባ ቶሎ ይገኛል፤ ተቃውሞ ሲመጣ ግን ጽናቱ የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው፤ ፑማን ያስታውሱ።

በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ኑሯቸውን ያደረጉ ወገኖቻችን አንድ ዕድል አላቸው። ነዋሪነታቸው ወደ ሄግ ሥርዓት ያስገባቸዋል፤ በአንድ ማመልከቻ እስከ 100 ንድፍ ይዘው፣ የሥርዓቱ አባል ከሆኑ አገሮች የፈለጉትን መርጠው ጥበቃ መጠየቅ ይችላሉ። በውጭ አገር የሐበሻ ቀሚስ፣ ጌጣጌጥና የቤት ማስዋቢያ የሚነድፉ ሰዎች ይህን ቢጠቀሙበት መልካም ነው። ከአገር ቤት ሸማኔ ወይም ሰፊ ጋር የሚሠሩ ከሆነ ግን የደረጃ 1 ጥያቄ ባሕር ተሻግሮም ይከተላቸዋል፦ ይህችን መስመር ያስገባት ማን ነው?

ደረጃ 10፦ ተቀድተው ሲያገኙት

ሱቁ ውስጥ ገብተው አይጩኹ። እንደ ማንኛውም ገዢ አንድ ፍሬ ይግዙ፤ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ቀኑንና ቦታውን ይጻፉ። ዕቃውን ወስደው ከምዝገባ ሥዕሎችዎ ጎን ያስቀምጡት። ከራስዎ ዕቃ ጋር ሳይሆን ከሥዕሉ ጋር ነው የሚያወዳድሩት፤ መብቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። አጠቃላይ መልኩን መጀመሪያ፣ ዝርዝሩን ቀጥለው ይመዝኑ፤ የሚመሳሰለው በግራ በኩል የጻፉት የወል ሀብት ብቻ ከሆነ ጉዳዩን ይተዉት፤ ያ ሰው እንደ እርስዎ ከምንጩ የቀዳ ነው።

የሚመሳሰለው የቀኙ ከሆነ ደብዳቤ ይጻፉ። ባለሱቁ ብዙ ጊዜ ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ ያመጣ ሰው ነው፤ ዋናው ጉዳይዎ ከአምራቹ ወይም ከአስመጪው ጋር ነው፤ አድራሻውን ሊሰጥዎ የሚችለው ደግሞ ይኸው ባለሱቅ ነው። ስለዚህ ቃልዎ ጽኑ ሆኖ ሰውን የማያዋርድ ይሁን። ሽማግሌ ገብቶበት የሚያልቅ ከሆነ ከፍርድ ቤት ይፈጥናል፤ የተስማሙበት ግን በጽሑፍ ይስፈር። ካልሆነ የምስክር ወረቀቱን፣ የገዙትን ዕቃ፣ ደረሰኙንና ደብተርዎን ይዘው በጠበቃ በኩል ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳሉ።

በደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ላይ የምዝገባ ቁጥሩን ያስቀምጡ፤ በሁለተኛው ላይ የተመዘገበበትን ቀን። ስለ ድካምዎ የሚናገረው ክፍል ከዚያ በታች ይምጣ።